ለሰው ኮምፒውተር የሚሆን ስንቅ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው እንድናገርበት የሰጠኝ ጉዳይ «ስላይድ አዘጋጅተን ወደ ሌላ ከተማ ስንሄድ በአስተናጋጆቹ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር እንዴት እናሳየው?» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» እንደምትሉ እገምታለሁ። ያገባናል። የዘር ድንች ማስቀመጫችንን ለማስፋት ድጋፍ ጠይቀን ባሕር ዳር ሄደን ሥራችንን እንድናስረዳ ተጠርተናል። የሚሰጠን ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። በዚያች 10 ደቂቃ የሚቀርበው የአንዲት ተናጋሪ ችሎታ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዳችን ከጓዳችን ቀንሰን በየሳምንቱ ያስቀመጥናት ብር፣ በዝናብ ተሰብስበን የተመካከርነው ሁሉ አብሮ ይቀርባል።

እንደምታውቁት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ደብረ ታቦር ላይ ፍላሽ ይዞ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው ምን እንደገጠመው ገና ሳይናገር ፊቱን አይቼ አውቃለሁ። «ቤት ሲከፈት ደኅና ነበር፤ እዚህ ሲከፈት ተበላሸ» ይላል። አልተበላሸም። ቤት ያለው ኮምፒውተር ይዞለት የነበረውን ነገር እሱ ይዞ አልመጣም። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የሰው ቤት ስንሄድ «እዚያ ይኖራል» ብለን ስንቅ ሳንይዝ አንነሣም። ለሰው ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ምንም የለውም ብለን እንነሣ፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሳችን እንያዝለት።

በአንድ አዳራሽ ያየሁት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከሌላ ወረዳ የመጣች አንዲት እኅት የማኅበሯን ሥራ ልታቀርብ ተነሣች። ሥራቸው የሚያስቀና ነበር፤ በእረፍት ሰዓት ከአባሎቻቸው ሰምቼዋለሁ። ስላይዱ ሲከፈት ግን በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ ተዘበራርቆ የእንግሊዝኛ ፊደልና የቅንፍ፣ የነጥብ፣ የኮከብ ምልክት ሆኖ ታየ። ሁለት ሦስት ወንዶች ተነሥተው ኮምፒውተሩን ከበቡት። አንዱ ያጠፋል፣ አንዱ ያበራል። እሷ ከጎናቸው ቆማ ትጠብቃለች። ጊዜው ሲያልቅ ሰብሳቢው «በሌላ ጊዜ ታቀርቢያለሽ» አሏት። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ደግሞ «ሴቶቹ ሳይዘጋጁ መጥተው ነው» ሲል ሰማሁ።

ይህች ንግግር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። የወንድ ማኅበር ስላይድ ሲበላሽ «ኮምፒውተሩ አስቸገረ» ይባላል። የእኛ ሲበላሽ «አልተዘጋጁም» ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም፤ ነገር ግን እስኪስተካከል ድረስ ሰበብ አንስጠው።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ያቺ እኅት ስክሪኑ ሲበላሽ በቃሏ መቀጠል ትችል ነበር። ችግሩ የአባላቱ ብዛት፣ የቁጠባው መጠን፣ የተመለሰው ብድር ሁሉ ስላይዱ ላይ እንጂ እጇ ላይ አልነበረም። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው ስንቅ፦ ፊደላችን

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ዋናው ጣጣ የፊደል ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ይህ ችግር ብዙም አይነካውም። በሦስት መልክ ስለሚመጣ ለየብቻ ላስረዳ።

አንደኛው አማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሲለወጥ ነው። የዚያች እኅት ችግር ይህ ነበር። የድሮዎቹ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች፣ ፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቦታ ስላልነበረው የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ በልቡ የያዘው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ግን የአማርኛ ልብስ ያለብሰዋል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ልብሱ ይወልቅና ውስጡ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ «ሀ» የትም ቢሄድ «ሀ» ነው።

የእናንተ ጽሑፍ ከየትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ፊደል ከተዘበራረቀ የድሮው ነው። የድሮው ከሆነ እንደገና መጻፍ ይሻላል። ለዚህ የሚፈራ ካለ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ በስልካችሁ የምትጽፉት አማርኛ ዩኒኮድ ነው። ልጆቻችሁ ጽሑፉን በስልክ ጽፈው በቴሌግራም ወደ ኮምፒውተሩ ቢልኩትና ከዚያ ወደ ስላይዱ ቢገለብጡት ይሆናል።

ሁለተኛው በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ሲደረደር ነው። ይህ ማለት ኮምፒውተሩ ፊደሉን ለይቶ ያውቀዋል፤ ነገር ግን መልኩን የሚሥልበት ፎንት የለውም። በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ ያጋጥማል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። ፊደሉ በትክክል ይታያል፤ ግን መስመሩ ተዛንፎ ከሳጥኑ ይወጣል፣ የመጨረሻው ቃል ከስላይዱ ግርጌ ይወድቃል፣ የሠንጠረዡ ቁጥር ከቦታው ይሸሻል። ይህ የሚሆነው ኮምፒውተሩ የእናንተን ፎንት ሲያጣ በራሱ ሌላ ፎንት ሲተካ ነው። ፎንቶቹ ስፋታቸው አንድ አይደለም። ዊንዶውስ 7 ላይ ለአማርኛ የሚገኘው ኒያላ የሚባለው ፎንት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ በቀጥታ የሚገኘው ኤብሪማ ሲሆን፣ ኒያላ ለብቻው ካልተጨመረ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በኒያላ አሣምራችሁ የሠራችሁት በሌላው ላይ ኤብሪማ ሆኖ ሲከፈት መስመሩ ይንሸራተታል። «ይህኛው ፎንት የትም አለ» ብሎ መተማመን አይቻልም።

መድኃኒቱ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ መስፋት ነው። በፓወር ፖይንት «ፋይል» ውስጥ ገብታችሁ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሴቭ» የሚለውን ስትከፍቱ ከታች «ኤምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» የሚል አለ። እሱ ላይ ምልክት አድርጉና ፋይሉን እንደገና አስቀምጡ። ፎንቱ መካተትን የሚፈቅድ ከሆነ ፋይሉ ፊደሉን ተሸክሞ ይሄዳል። ክብደቱ ትንሽ ይጨምራል፤ ይጨምር። ከዚህ ሌላ በእያንዳንዱ ስላይድ በቀኝና በግርጌ ባዶ ቦታ ተዉ። ቀሚስ ስናሰፋ ለስፌቱ እንደምንተወው ማለት ነው፤ ፎንቱ ቢለወጥ እንኳ ጽሑፉ አይፈስም።

ሁለተኛው ስንቅ፦ ሥዕልና ቪዲዮ

ብዙ ሰው ቪዲዮው ስላይዱ ላይ ስለታየው ውስጡ ያለ ይመስለዋል። አንዳንዴ ግን ስላይዱ ውስጥ ያለው ቪዲዮው ሳይሆን «ቪዲዮው እዚያ ነው» የሚል ጥቆማ ብቻ ነው። ቪዲዮው ቤት ቀርቷል፤ የተወሰደው አድራሻው ነው። ባሕር ዳር ላይ ሲነካ ጥቁር ሳጥን ይሆናል።

ስለዚህ ቪዲዮ ስታስገቡ «ሊንክ ቱ ፋይል» የሚለውን ሳይሆን «ኢንሰርት» የሚለውን ምረጡ። ከፓወር ፖይንት 2010 ጀምሮ ቪዲዮው ፋይሉ ውስጥ መግባት ይችላል። አሠራሩ «ኤምፒ 4» ቢሆን በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ይጫወታል። ቪዲዮውን ለብቻውም በዚያው ፎልደር ውስጥ ያዙት፤ ስላይዱ እምቢ ቢል በቀጥታ ይከፈታል። ከዩቲዩብ ላይ የሚጫወት ቪዲዮ ግን አታስገቡ። ኢንተርኔት ይኖራል ብሎ ለ10 ደቂቃ ዕድል መወራረድ አያዋጣም፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የኤክሴል ሠንጠረዥም እንዲሁ ነው። ከሒሳብ ፋይላችን ጋር የተያያዘ ግራፍ ከማድረግ ግራፉን እንደ ሥዕል መለጠፍ ይሻላል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ከሒሳቡ ሲለይ እንዳይበላሽ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል፦ የተያያዘው ፋይል አብሮ ከሄደ ማን ስንት እንደተበደረ፣ ማን እንዳልመለሰ የሚያሳየው ዝርዝር የሰው ኮምፒውተር ላይ ሊቀር ይችላል። የአባላት ምስጢር የማኅበሩ አደራ ነው። ድምሩ ይታይ፤ ስሙ ግን አይውጣ። የአባላት ፎቶግራፍም ቢሆን ባለቤቷ ሳትፈቅድ ስላይድ ላይ አይወጣም።

ፓወር ፖይንት ሁሉንም ባንድ የሚሰበስብበት ዘዴም አለው። «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኤክስፖርት»፣ ከዚያ «ፓኬጅ ፕረዘንቴሽን ፎር ሲዲ» የሚለውን ክፈቱ። ስሙ ሲዲ ቢልም ሲዲ አያስፈልግም፤ «ኮፒ ቱ ፎልደር» ስትሉት ስላይዱንና የተያያዙትን ፋይሎች ሁሉ ባንድ ፎልደር ያስቀምጥላችኋል። ፍላሽ ላይ የሚሄደው ያ ፎልደር ነው።

ሦስተኛው ስንቅ፦ በሶው

አባቶቻችን ረጅም መንገድ ሲሄዱ እንጀራው ሻግቶ ቢጣል እንኳ በሶ አያጡም ነበር። ውኃ ከተገኘ በሶ ይበላል። የእኛ በሶ ፒዲኤፍ ነው። ስላይዱ ካለቀ በኋላ በፒዲኤፍ ጭምር አስቀምጡት። ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ይሄዳል፤ ፓወር ፖይንት በሌለበት ኮምፒውተር፣ በኢንተርኔት መክፈቻ ፕሮግራም፣ በስልክም ይከፈታል። እየተንቀሳቀሰ የሚገባ ጽሑፍና ቪዲዮ አይኖረውም፤ ግን ዋናው ነገር ይታያል።

ስለ መንቀሳቀስ ካነሣሁ አይቀር፣ ፊደሉ እየዘለለ፣ ሥዕሉ እየተሽከረከረ እንዲገባ አታድርጉ። አዲስ ስሪት ላይ የተሠራ ማጌጫ በቆየ ስሪት ላይ ስለማይሠራ ብቻ አይደለም፤ አድማጩ የሚዘለውን ሲያይ የምንለውን አይሰማም።

ከበሶውም በኋላ ቆሎ አለ፤ እሱ ወረቀት ነው። በአንድ ገጽ 6 ስላይድ አድርጎ ማተም ይቻላል። ለኮሚቴው አባላት በሚበቃ ቁጥር አባዝታችሁ ያዙ። ወረቀት መብራት አይፈልግም፤ ሰዎቹም ስብሰባው ካለቀ በኋላ ቦርሳቸው ውስጥ ያገኙታል።

መያዣው

አሁን ስንቁ ተሰናድቷል። በምን እንያዘው? ፍላሽ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በተናጋሪዋ ቦርሳ፣ ሌላው በባልደረባዋ ቦርሳ። ቦርሳ ይረሳል፣ ይሰረቃል፣ መኪና ላይ ይቀራል። ሦስተኛ ቅጂ በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» በሚለው ወደ ራሳችሁ ላኩት። ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ፤ ፎቶውን ለየብቻ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል። በስልካችሁም አውርዳችሁ ያዙት፤ ያልወረደ ነገር ኔትወርክ ሲጠፋ የለም ማለት ነው።

በፍላሹ ላይ ከስላይዱ በቀር ምንም አይኑር። የሒሳብ መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የቤተሰብ ፎቶ ይውጣ።

ቫይረስን በሚመለከት፣ በየአዳራሹ ያለ ኮምፒውተር ስንት ፍላሽ እንዳስተናገደ አስቡት። በእኛ አካባቢ የታወቀው ፎልደሩን ወደ አቋራጭ የሚለውጠው ነው። ፍላሹን ስትከፍቱ ፎልደራችሁ ትንሽ ቀስት ተለጥፎበት ካያችሁ አትንኩት። ፋይሉ አልጠፋም፤ ተደብቋል። እዚያው ሁለተኛውን ፍላሽ ከመሰካት ግን ተቆጠቡ፤ እሱም ይያዛል። በቴሌግራም ያለውን ወይም ስልካችሁ ላይ ያለውን ፒዲኤፍ ተጠቀሙ። ከጉዞ ስትመለሱ ደግሞ ያ ፍላሽ የማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ ከመሰካቱ በፊት በጸረ ቫይረስ ይታይ። የ3 ዓመት የቁጠባ መዝገባችን ያለው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ጋፋት ላይ ሆነን ይህን መርሳት አይገባም

እዚህች ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ባለሙያዎችንና የአገራችንን ሠራተኞች አሰባስበው መድፍ እንዳስሠሩ ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቃሉ። ከሁሉ የገነነው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ እንደሚመዝን ይነገራል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጅቷል፤ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ መቅደላ ሥር ሲደርስ ግን ያ ሁሉ የተደከመበት መድፍ የውጊያውን ውጤት አልለወጠም።

የሠሩትንም የጎተቱትንም አላቃልልም፤ ድካማቸው ዛሬም ያስደንቃል። እኔ ለራሳችን የምወስደው ትምህርት ግን አለ። አንድ ሥራ የሚመዘነው በተሠራበት ቦታ ሳይሆን በሚፈለግበት ቦታና ሰዓት ነው። ጋፋት ላይ ያማረ ስላይድ ባሕር ዳር ላይ ካልታየ አልተሠራም።

ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ግዴታ ነው እላለሁ። በሠራችሁበት ኮምፒውተር ላይ መቶ ጊዜ ብትከፍቱት ምንም አትማሩም፤ እሱ ሁሉን ነገር ይዞላችኋል። ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃችሁ ሂዱ። ኮምፒውተሩ የቆየ ቢሆን ይመረጣል። ኢንተርኔቱን አስጠፉና ከፍላሹ ክፈቱት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስላይድ አንድ በአንድ እዩ፤ ፊደሉን፣ ሠንጠረዡን፣ ቪዲዮውን፣ ድምፁን። እዚያ የተገኘ ስሕተት በ5 ደቂቃ ይታረማል። መድረክ ላይ የተገኘ ስሕተት አይታረምም።

አዳራሹ

ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሩቅ አይደለም ብላችሁ በዕለቱ ጠዋት አትነሡ። ዋዜማውን ግቡ። በዕለቱም ከስብሰባው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ አዳራሹ ውስጥ ተገኙ።

መጀመሪያ ፎልደሩን ከፍላሹ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡት፤ ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ማሳየት ይንቀራፈፋል፣ አንድ ሰው በክርኑ ቢነካውም ይቋረጣል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን የገለበጣችሁትን አጥፉ፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉ።

የማኅበሩን ላፕቶፕ ይዘን ብንሄድም ከፕሮጀክተሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ያጣላናል። የቆየው ፕሮጀክተር ቪጂኤ የሚባለውን፣ ባለ 15 ቀዳዳውን፣ ይጠይቃል፤ የአዲሱ ላፕቶፕ መውጫ ኤችዲኤምአይ ነው። ሁለቱን የምታስታርቅ ትንሽ መቀየሪያ አለች፤ ከቦርሳ አትለይ። ተሰክቶም ግድግዳው ላይ ካልታየ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ«ፒ» ጋር ተጫኑና «ዱፕሊኬት» የሚለውን ምረጡ። ስላይዱን ከመጀመሪያው ለማስጀመር ኤፍ 5 ነው። ሰው ወደ እናንተ እንዲያይ ስትፈልጉ «ቢ»ን ብትጫኑ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ደግማችሁ ስትጫኑ ይመለሳል።

የፕሮጀክተሩ ብርሃን ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ የአዳራሹ መስኮትም መጋረጃ አይኖረውም። ስለዚህ ፊደሉ ትልቅ፣ መደቡ ነጭ፣ ጽሑፉ ጥቁር ይሁን። በቢጫ ላይ አረንጓዴ ቤት ውስጥ ያምራል፤ እዚያ አይነበብም። ለቪዲዮው ድምፅ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያዙ፤ የኮምፒውተሩ ድምፅ ከፊት ወንበር አያልፍም።

የመጨረሻው ስንቅ፦ አፋችን

አሁን ወደዚያች እኅት ልመለስ። መብራት ሊጠፋ ይችላል። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ላይኖረው ይችላል። በሶውም ቆሎውም ሊያልቅ ይችላል። ያኔ የሚቀረው የተናጋሪዋ አፍ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል፤ በሰው ኮምፒውተር ላይም አንመካ።

ተናጋሪያችን ሦስት ቁጥር በቃሏ ትያዝ፦ ስንት አባላት እንዳለን፣ ስንት ብር እንደቆጠብን፣ ከተበደርነው ውስጥ ስንቱ እንደተመለሰ። እነዚህ ሦስቱ መብራት አይፈልጉም። ከዚያ የምንጠይቀው ምን እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር። ለእያንዳንዱ ስላይድ ደግሞ በትንሽ ካርድ ላይ አንድ መስመር ትጻፍ። ስክሪኑ ቢጠፋ «ይቅርታ» እያለች ቆማ አትጠብቅ፤ ወረቀቱን አሳድላ ትቀጥል። ኮምፒውተሩን ባልደረባዋ ትይዘዋለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይሂድ፤ አንዷ ትናገር፣ አንዷ ማሽኑን ትምራ። በሚቀጥለው ጊዜ ቦታ ይለዋወጡ። እንዲህ ከሆነ ዕውቀቱ በአንዲት ሴት ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም።

ቪዲዮው ባይጫወት በእጅ የሚያዝ ነገር ይዘን እንሂድ። ስላይዱ ላይ በጨለማ ጉድጓድ የከረመ ድንችና ስርጭት ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ የከረመ የዘር ድንች ጎን ለጎን ይታያል። የመጀመሪያው ቡቃያው ነጭ፣ ረጅምና ተሰባሪ ነው፤ የሁለተኛው አጭርና ጠንካራ ነው። ለምን ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ድንች በፌስታል ይዘን አንሄድም? ኮሚቴው በእጁ ይዞ ሲያየው ማንም ፕሮጀክተር ያን ያህል አያስረዳም።

ልምምዱን ደግሞ እዚሁ በእናንተ ፊት እናድርገው። በተለይ ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን ፊት ለፊት ይቀመጡልን። እነሱ ሥዕሉን አይተውና ንግግሩን ሰምተው ነገሩ ከገባቸው ባሕር ዳርም ይገባቸዋል። ካልገባቸው የሚስተካከለው የእኛ ስላይድ ነው። ሒሳቡንም ቢሆን ከሁሉ አስቀድመው ስሕተቱን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ በየሳምንቱ የጣሉትን ሳንቲም ያውቁታላ።

የማቀርበው ሐሳብ

ለማጠቃለል ያህል ማኅበራችን አንድ የጉዞ ቦርሳ እንዲኖረው እጠይቃለሁ። በጸሐፊያችን እጅ ይቀመጥ፤ ማንም ለምንም ጉዳይ ከውስጡ አይበደር። በውስጡም የሚከተሉት ይኑሩ፦

1. ሁለት ፍላሽ፣ ከስላይድ በቀር ሌላ ነገር የሌለባቸው።
2. የላፕቶፑ ቻርጀርና ባለ ብዙ ቀዳዳ የመብራት ማከፋፈያ።
3. የፕሮጀክተር ገመድና ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የምትቀይረው።
4. ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ ከነባትሪው።
5. የታተመው የስላይድ ወረቀትና የተናጋሪዋ ካርዶች።

ከመነሣታችን በፊትም አምስት ጥያቄ ይጠየቅ። ፎንቱ ተካቷል ወይ? ቪዲዮው ውስጥ ገብቷል ወይ? ፒዲኤፉ ተዘጋጅቷል ወይ? በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሞክሯል ወይ? ተናጋሪዋ ያለ ስላይድ ማቅረብ ትችላለች ወይ? ለአምስቱም «አዎ» ካልተባለ ቦርሳው አይነሣ።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የለውም። አብዛኛው ከአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አይበልጥም። ያለንን ሥራ ሳናሳይ ከምንመለስ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ብንሠዋ ይሻላል። ድጋፉን መስጠትም መከልከልም የኮሚቴው ፈንታ ነው። የተሠራውን በደንብ አሳይቶ መምጣት ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ኮምፒውተር መማር የምትፈልጉ ልጆች ያላችሁ፣ ራሳችሁም መማር የምትሹ፣ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። ፎንቱን እንዴት እንደምናካትት አብረን ተቀምጠን እንሠራዋለን። ጥያቄ ካላችሁ አሁን እቀበላለሁ።